የገና ሰላምታ ከደሴ፣ ከግራማፎኑ አጠገብ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ላሊበላ ወጥታችሁ ቤዛ ኩሉን ለምታዩም፣ በየቤታችሁ ለምታከብሩም ወዳጆቼ ሁሉ ሰላምታዬ ከደሴ ይድረሳችሁ።

ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ገና በግራማፎን፣ በጥንቱ የሙዚቃ ሸክላ ማጫወቻ፣ ይከበራል። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ሸክላ የሚወድ ሁሉ ተጠርቷል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጉን የሚባርኩት ሐጂ ናቸው፤ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል።

ይህን መሣሪያ የምወደው ሰው ስለሚሰበስብ ነው። ሞላው በእጅ ይጠመዘዛል፤ ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ያበቃል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ሸክላውን ይገለብጣል፣ የብረት መርፌውን ይለውጣል፤ የደነዘዘ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋልና። ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ስለሌለው ሁሉም ጠጋ ብሎ፣ ጸጥ ብሎ ይሰማል። አንዱ ሸክላ አልቆ ሌላው እስኪገባ ደግሞ ትልልቆቹ ጨዋታ ያመጣሉ። ለእኔ የበዓሉ ጣዕም እዚያች መሐል ላይ ነው።

ታሪኩም ከእኛ የራቀ አይደለም። ኤዲሰን የግራማፎን ቀዳሚ የሆነውን፣ ድምፅ ቀድቶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ በ1877 እ.ኤ.አ. ሠራ። ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአጼ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በሰም ሲሊንደር ቀድታ ላከች። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ በቪክቶሪያ በራሷ ፈቃድ ተሰበረ፤ ምኒልክና ጣይቱ በፎኖግራፍ የመለሱት ቃል ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ባለቅኔውና ዘፋኙ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። አምባሰልና ባቲን ያህል ቅኝት በስሟ ያስጠራች ወሎ፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ተሰብስቦ መስማት ያምርባታል።

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ኑ፤ የቤተሰብ ሸክላ ካላችሁም ይዛችሁ ኑ። ግን የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን የፕላስቲክ ሸክላዎች ለግራማፎን አትስጡ፤ ክንዱ ከባድ ነው፣ በአንድ ቀን ያበላሻቸዋል። እነሱን በዘመናዊ ማጫወቻ እንሰማቸዋለን።

ሩቅ ያላችሁ ደግሞ በዚህ በዓል የአያቶቻችሁን ሣጥን ክፈቱ። የጥንቱን ሸክላ ካገኛችሁ ከፀሐይ አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉለት፣ አልኮል ግን አታስነኩት፤ ያሟሟዋል። ከዚያ ማን እንደገዛው፣ ማን እንደዘፈነበት ትልልቆቻችሁን ጠይቁና ጻፉልኝ፤ እዚህ ለተሰበሰቡት አነብላቸዋለሁ።

መልካም ገና!