አምባሰልን በኪቦርድ፦ ቤዙ የት ይረፍ?

አምባሰል የተባለውን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችንን በኪቦርድና በቤዝ ጊታር ማቀናበር ያስቸግራል ሲባል «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ስሜቱ ይጠፋል» ይባልና ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። ደሴ ተቀምጬ አንድ የአምባሰል ዘፈን ከግጥሙ እስከ ቅንብሩ ከሠራሁ በኋላ ግን ምክንያቱ በጣት ተነክቶ የሚታይ ነገር ነው ባይ ሆኛለሁ።

አምባሰልን ከሚ ብንጀምረው ድምፆቹ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ናቸው። ሁሉም ነጭ ቁልፎች ስለሆኑ ኪቦርድ ያልተማረ ሰው እንኳ ሊሞክራቸው ይችላል። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ተነሥታችሁ ምቷቸው፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይህኛው ሌላ ቅኝት፣ ትዝታ ማይነር ነው። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም፤ የተለወጠው ዜማው የሚነሣበትና የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። አምባሰል ቤቱ ሚ ላይ ነው፣ ትዝታ ማይነር ደግሞ ላ ላይ።

ችግሩ የሚመጣው ከኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ ከሚመቱ ድምፆች ጋር ነው። ሚ ላይ የተለመደውን ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ለመሥራት ሶል ያስፈልጋል፤ ሶል ደግሞ በአምባሰል ውስጥ የለም። ላ ላይ ግን ላ፣ ዶ፣ ሚ ሙሉ ኮርድ ይወጣል። ፋ ላይም ፋ፣ ላ፣ ዶ ይገኛል። ስለዚህ ኮርድ የለመደ እጅ ሳያስበው ወደ ላ ያዘነብላል፤ ቤዙ ይከተለዋል፤ ዘፋኙ አምባሰል እየዘፈነ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ትዝታ ይሆናል። «ስሜቱ ይጠፋል» የሚባለው በአብዛኛው ይህ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ ይብሳል፤ ሚ ላይ ሶል ጨምሮ ሚ ማይነር መምታት። ይህን የሚያደርጉ ቅንብሮች በየታክሲው ይሰማሉ፤ እኔን ጥርሴን ያሳክከኛል።

በእኛም የመጀመሪያ ልምምድ ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ላ ማይነር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ማሲንቆ እንዲጫወቱልን የጠራናቸው አዛውንት ዕጣኑን በደጋኑ ጭራ ላይ እያሹ ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጆቼ፣ ትዝታ ነው እንዴ የምንሠራው? አምባሰል ብላችሁ አልነበር የጠራችሁኝ?» አሉ። ጓደኛዬ፣ «ጋሼ፣ ድምፆቹ እኮ ያው ናቸው» አላቸው። «ድምፆቹማ ያው ናቸው፤ አንተ የት ነው የቆምከው?» ብለው ደጋናቸውን አነሡ። እኔ በሦስት አንቀጽ ያስረዳሁትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ቤዙ ሚንና ሲን ብቻ ይዞ እንዲቆይ አደረግን። ኪቦርዱ ሚ ላይ ሲደርስ ሙሉ ኮርድ መፈለጉን ትቶ ሚ፣ ላ፣ ሲን አንድ ላይ ይመታል፤ ባዶነት አለው፣ ግን ያ ባዶነት የአምባሰል ነው። ላ ማይነር አልተከለከለም፤ ሲመጣ ግን ቤዙ ከሚ አይነቃነቅም፤ ያን ጊዜ ኮርዱ እንግዳ ሆኖ ያልፋል እንጂ ባለቤት አይሆንም። ማሳረጊያው ላይ ፋ፣ ላ፣ ዶ ተመትቶ ወደ ሚና ሲ ይወርዳል። ከፋ ወደ ሚ ያለችው ግማሽ ድምፅ ቁልቁል ስትወርድ የምትሰጠው ነገር በየትኛውም የተጨናነቀ ኮርድ አይገኝም። ከዚህ በላይ ለመሄድ የሚፈልግ ሙላቱ አስታጥቄን ደጋግሞ ያዳምጥ። ቦስተን በርክሊ የተማረውን የጃዝ አሠራር ከአምስቱ ድምፆች ጋር ሲያጋባ ለቅኝቱ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ከጆሮ መማር ይቻላል።

ዜማውን የደረስኩት ግን በኪቦርድ አይደለም። ክራር ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች፣ ስድስተኛው የአንዱ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ። በአምባሰል ከተቃኘ በኋላ ሶል የት አለ ቢባል የለም። ኪቦርድ ላይ ሰባቱ የማይፈለጉ ድምፆች ዘወትር ጣት ይጠራሉ። ለጀማሪ ዜማ ደራሲ አንድ ምክር ስጥ ብባል ኮምፒውተሩን ሳትከፍት ክራር ቃኝ እላለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጆሮን መቃኘት ይቀድማል፤ ለእኔ ይህን ያደረገችልኝ ማሪቱ ለገሰ ናት። አምባሰል ስትዘፍን ፋን እንዴት እንደምትነካትና ወደ ሚ ለመውረድ እንዴት እንደማትቸኩል ልብ ብሎ የሰማ ሰው ግማሹን ትምህርት ጨርሷል።

ወደ ግጥሙ ልመለስ። መነሻዬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ነበር። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ደሴ አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትሰወራለች፤ በክረምት ደግሞ ጉም ይሸፍናታል። ሸኚና ተሸኚ እዚያ ላይ የሚተያዩት ለቅጽበት ነው። መጀመሪያ በሰንጎ መገን፣ ማለትም በአምስት አምስት ቀለም ጻፍኩት። ሰንጎ መገን ለፈጣን ምት ይመቻል፤ ለአምባሰል ዝግታ ግን ገና ሳይተነፈስ ያልቃል። የወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ሲሆን ተስተካከለ። ከቤቶቹ አንዱ ይኸውና፦

ሐረጎን ስትወርድ ዞረህ ያየኸው ሰው፣
ጉሙ ነው ወይ እንባ ዓይኑን ያለበሰው?

ግጥም በወረቀት ላይ ሲነበብና ሲዘፈን አንድ አይደለም። «ስትወርድ» የምትለው ቃል በሳድስ ፊደል ታልቃለች፤ «ድ» ላይ ድምፅ ይዞ መቆየት አይቻልም፤ ዘፋኙ ካስረዘማት ወይ ትታነቃለች ወይ የሌለ «እ» ትወልዳለች። «እንባ» ግን በ«ባ» ስለምትከፈት የፈለጉትን ያህል ትጎተታለች። ስለዚህ ዜማው ለሁለቱ የሰጠው ቦታ የተለያየ ነው። «ስትወርድ» ሲ ላይ ቶሎ ትቆረጥና ቦታውን ማሲንቆው ይሞላዋል። «እንባ» ዶ ላይ ተይዛ ትቆያለች፤ ዶ ከሲ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለች ስለሆነች ልትወድቅ የደረሰች ትመስላለች። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ «ሰው» ሚ ላይ አያርፍም፤ ነገሩ ገና አላለቀምና ሲ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ያለበሰው» ብቻ በፋ በኩል አድርጎ ሚ ላይ ይገባል። ዘፋኟ እነዚህን ምርጫዎች ሳልነግራት አወቀቻቸው፤ ቃሉ ራሱ አፏን መርቷት ይመስለኛል። አንድ ሌላ ቤት ላይ ግን ረጅሙን ድምፅ «ልብ» ላይ ጥዬው ስለነበር፣ «ይህን ቃል ለማን ነው የሰጠኸው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ቃሉን «ሆድ» ብለውም ያው ሆነ፤ በመጨረሻ በ«አንጀቴ ላይ» ተገላገልን።

አዝማቹን ለመሥራት የሄድኩት ወደ መንዙማ ነው። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ መንዙማ ከጎረቤት ሲወጣ ሰምቷል። መሪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ ስንኙ እስኪያልቅ አይጠብቁም፤ የመጨረሻውን ቃል ነጥቀው ይገባሉ፤ ድቤውና ጭብጨባው ደግሞ ከሥር ሳይቋረጥ ይሄዳል። የእኛ ተቀባዮችም «ያለበሰው» ከማለቁ በፊት እንዲገቡ አደረግን። ውዳሴውን ከመንዙማ መውሰድ አያስፈልግም፣ ተገቢም አይደለም፤ የአቀባበሉን ሥርዓት መማር ግን ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ተቀባዮችን ለየብቻ ቀድቶ በኋላ መደርደር ይህን መናጠቅ ይገድለዋል። አራቱንም በአንድ ማይክ ዙሪያ አቁመን ቀዳናቸው፤ ንጽሕናው ትንሽ ቀነሰ፣ ጨዋታው ግን መጣ።

ምቱ የታወቀው ችክችካ ነው፤ ሦስትና ሁለት አብረው የሚመቱበት። በዝግታ ሲሄድ ድራም ተጫዋቾች ክፍተቱን መሙላት ይወዳሉ። እኛ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ተውን።

ማሲንቆው የመጨረሻው ፈተና ነበር። የፈረስ ጭራ ክር ጣት የትም ሊቆምበት ይችላል፤ ቁልፍ የለውም። ጋሼ የሚነኳት ፋ ከኪቦርዱ ፋ ጋር አትገጥምም ነበር፤ ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ጆሮ ይጎረብጣል። ድምፅ ቀራጩ በኮምፒውተር ላስተካክላት ሲል ከለከልኩት። ዘፋኟ እንደሆነች የምትከተለው ማሲንቆውን ነው፤ ስለዚህ ማሲንቆው በሚጫወትባቸው ቦታዎች ሁሉ ፋን ከኪቦርዱ አስወጣን። ኪቦርዱ ሚና ሲ ይዞ ይቆማል፣ ፋ የጋሼ ሆነች። ጓደኛዬ በዚህ ሥራ ላይ እጁን ማሳየት ስላልቻለ ትንሽ ቅር ብሎታል።

አሁን በባቲ ማይነር ሌላ ጀምረናል፤ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ። እዚህ ሚ ላይ ሙሉ ኮርድ ስላለ ጓደኛዬ ደስ ብሎታል፤ ሶል የናፈቀችውን ያህል ይመታታል። ነገር ግን እነዚህ አምስት ድምፆች ከሶል ሲነሡ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ናቸው፤ ሶል ላይም ሙሉ ኮርድ አለ። ቤዝ ተጫዋቹን ከወዲሁ አስጠንቅቄዋለሁ።