ጥቁሮቹ ቁልፎች

ያደግኩት ጅማ፣ ጴንጤ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ቤታችን ዘፈን አይከፈትም፤ ጎረቤት ሲከፍትም መስኮት ይዘጋል። ምክንያቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ገላትያ 5፥21 «ዘፋኝነት»ን ከመግደልና ከስካር ጋር ይዘረዝረዋል።

ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ያረፈ ሰሞን መርካቶ ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። የእሱ ዘፈን ተከፍቷል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ ዓይኑን ጠረገ፤ የእኔም ሆድ ባባ። ደነገጥኩ። ያን ስሜት የማውቀው ኳየር ልምምድ ላይ ብቻ ነበር። ማታ ኪቦርድ ላይ ተቀምጬ ዜማውን ስፈልገው፣ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ስነካ መጣልኝ። ትዝታ ነው። እሑድ ያገለገልንበት መዝሙርም በእነዚያው አምስት ድምፆች የተሠራ ነበር!

ከዘፈኑ በላይ የፈተነኝ ግን ቀልድ ነው። ልጆች ሳለን የደረጀና ሀብቴን ካሴት ከወንድሜ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ እንሰማ ነበር፤ ካሴቱ ምንም አላለኝም። በኋላ ግን አንድ ጓደኛችን ሰባኪ መምሰል ጀመረ። ድምፁን ይሰብራል፣ «አሜን በሉ!» ይላል፣ በመሐረብ ግንባሩን ይጠርጋል። ሳቅን። እሑድ እውነተኛው ሰባኪ መሐረቡን ሲያወጣ ጸሎቱ ጠፋኝ። ክርክር ቢሆን ጥቅስ ፈልጌ እመልስ ነበር፤ ለሳቅ ምን ይመለሳል? እስከ ዛሬ ስብከት ዓይኔን ጨፍኜ የምሰማው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓመት ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ተደብቄ ሰማሁ። የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ የምደብቀው ነገር ስላለኝ ከአባቴ ጋር ማውራት ተውኩ። መጨረሻ ላይ ጥያቄዬን ይዤ ሄድኩ። ገላትያ ላይ «ዘፋኝነት» የተባለው ቃል በግሪኩ «ኮሞስ» እንደሆነ፣ ትርጉሙም የሰካራሞች ፈንጠዝያ እንደሆነ አንብቤ ነበር። «አባዬ፣ ዜማውን ነው ወይስ ስካሩን ነው የሚከለክለው?» አልኩት።

ዝም አለ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ጌታን ሳይቀበል በፊት የነበረውን ነገረኝ፤ ደመወዙን ይዞ መጠጥ ቤት መግባቱን፣ ጥላሁን እየተዘፈነ ሌሊቱ መንጋቱን፣ እናቴ እኔን አዝላ በር ላይ መጠበቋን። ለካ መስኮቱ የሚዘጋው በዚያ ሌሊት ላይ ነው። ጥቅስ ይዤ ከመከራከሬ በፊት ምን ትቶ እንደመጣ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ስማ፤ እናትህ ባለችበት ግን አትክፈት» አለኝ።

ቤት ስሄድ እስካሁን አልከፍትም።