የትኛዋ ሚ?

ደብሮኛል። ነገ ከሰዓት የኳርቴት (የአራት ተጫዋቾች ቡድን) ልምምድ አለ፤ ያ ነገር ከተባባልን ወዲህ የመጀመሪያው። ማን ከማን ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ስለሱ ልጽፍ ነበር። መጀመሪያ እጄን ላፍታታ ብዬ ቫዮሊኑን ከሳጥኑ ሳወጣ ግን ከአራቱ ክሮች (ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ) የሬው ተልፈስፍሶ አገኘሁት።

አየር ሲደርቅ ክሩ የሚጠመጠምበት የመቃኛ ቁልፍ እንጨት ይኮማተራል፤ ከቀዳዳው ጋር የነበረው ጥብቀት ይላላና ክሩ በገዛ እጁ ይፈታል። ሲረጥብ ደግሞ ያብጥና ንቅንቅ አልልም ይላል። መፍትሔው እያዞሩ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያዞራል እንጂ አይገፋም፤ ከዚያ «ቁልፉ ተበላሽቷል» ይላል። ክሩ ሲጠመጠም የመጨረሻው ዙር የቁልፍ ሳጥኑን ግድግዳ ተደግፎ ካልቆመ ደግሞ መግፋቱም ብዙ አያግዝም። በዚያ ላይ አንዱን ክር ስትወጥሩ ሌሎቹ ትንሽ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ አራቱንም ሁለት ዙር መቃኘት ግድ ነው። ክር በተወጠረ ቁጥር ብርኩማው፣ ክሮቹን ተሸክሞ የቆመው እንጨት፣ አናቱን ወደ ጣት ሰሌዳው ያዘነብላል። በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ቀና ካልተደረገ ይጎብጣል፤ ወይ አንድ ቀን ጧ ብሎ ይወድቃል። አራቱንም ክር ባንዴ የፈታማ ውስጥ የቆመችውን ትንሽ እንጨት፣ ጣልያኖች «ነፍስ» የሚሏትን፣ ሊጥላት ይችላል። ነፍስ ወድቃ ስትንከባለል የምታሰማውን ድምፅ የሰማ ሁለተኛ አይደግመውም።

ቃኘሁ። ላ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት)፣ ከላ ሬ፣ ከሬ ሶል፣ በንጹሕ አምስተኛ (ንዝረታቸው ልክ 3 ለ 2 በሆነ ርቀት)፣ ሁለት ድምፆች በትክክል ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚሰማው ርግብግብታ እስኪጠፋ። ከዚያ አንደኛ ጣቴን ሬ ክር ላይ አሳርፌ ሚን ከባዶው (ጣት ካላረፈበት) ላ ጋር ጎተትኩ። ጥርት አለች። ጣቴን ሳላነቃንቅ ደጋኑን ወደ ሶል ክር አዘንብዬ ያችኑ ሚ ከባዶው ሶል ጋር ጎተትኩ። ሻከረች።

ነገሩን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ የሒሳቡ ጉዳይ አይደለም የሚያበግነኝ። ከላ 440 በንጹሕ አራተኛ የምትወርደው ሚ 330 ኸርዝ ናት። ሶል በንጹሕ አምስተኛ ሲቃኝ 195.6 ይሆናል፤ ከሱ በንጹሕ ስድስተኛ የምትወጣው ሚ 325.9 ናት። ልዩነቱ 21.5 ሴንት፣ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ገደማ። ፒያኖ 329.6 ላይ ቆሞ ሁለቱንም ይታዘባል። ስልኬ ላይ ያለው መቃኛ አረንጓዴ የሚያበራው ለፒያኖዋ ሚ ነው፤ ማለትም ከሶል ጋር ስትጎተት በግልጽ ለምትሻክረው።

ትክክለኛውን ስድስተኛ የሚፈልግ መቃኛውን አጥፍቶ ሁለቱን ክሮች በእኩል ክብደት፣ በረጅምና ቀሰስተኛ ደጋን ይጎትት። ደጋኑ አንዱን ክር አብልጦ ከተጫነ ሌላው አይሰማም፤ ጣትም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ጣትን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ ማንከባለል ነው። ርግብግብታው ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። ሲቆም ከሁለቱም በታች ማንም ያልጎተታት ዶ ታጉረመርማለች። ከ325.9 ላይ 195.6 ሲቀነስ 130.3፣ ያቺው ዶ። ጣልያናዊው ቫዮሊኒስት ታርቲኒ ይህን ሦስተኛ ድምፅ በ1754 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ አብራርቶታል። ሳትሰሙት ዓመታት ልትጫወቱ ትችላላችሁ፤ አንዴ ከሰማችሁት ግን አይለቃችሁም።

ታዲያ ጣት የት እንደሚያርፍ እንድታመለክት ጣት ሰሌዳ ላይ የምንለጥፋት ቴፕ የየትኛዋ ሚ ናት? እኔን ከጠየቃችሁኝ ቴፕ ከሁለት ወር በላይ ባትቆይ ይሻላል፤ ዓይን አንዴ ቦታ ከያዘ ጆሮ ሥራ ይፈታል። የማሲንቆ ተማሪዎች በዚህ ታድለዋል። ጣታቸው ክሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፣ አየር ላይ ነው የሚነካው። አየር ላይ ቴፕ አይለጠፍ።

አስተማሪያችንን ጋሼን «የቷ ናት ትክክል?» ብለን ስንጠይቃቸው «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ጣት ላረፈበት ድምፅ። ባዶ ክርስ? የቼሎዋ፣ የኳርቴቱ ትልቋ መሣሪያ፣ ባዶ ዶ ከላ በሦስት ንጹሕ አምስተኛ ወርዳ ስትቃኝ፣ የኔ ባዶ ሚ ከሷ ላይ እነዚያኑ 21.5 ሴንቶች ከፍ ብላ ትጮኻለች። የሚንከባለል ጣት የለም። ወይ ቼሎዋ አምስተኛዎቿን ታጥብብ፣ ወይ እኔ ሚን ላውርድ፣ ወይ ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ እንበደል። አብዛኛው ኳርቴት የሚያደርገው ሦስተኛውን ነው፤ ስንት ስንት እንደሚበደል ግን በቃል አይነገርም።

በቁጥር ልየው ብዬ ማስመሪያ አወጣሁ። ክሩ 328 ሚሊሜትር ነው። በስሌቱ የላዋ ሚ ከላይኛው ጫፍ 36.4 ላይ፣ የሶሏ ሚ 32.8 ላይ መዋል አለባቸው፤ በመሀላቸው ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ፣ የጣት ጫፍ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ሁለቱንም በጆሮ ፈልጌ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ርቀታቸው ልክ ወጣ። ሁለቱም ግን ከስሌቱ 5 ሚሊሜትር ያህል አልፈዋል። ብርኩማውን አየሁ፣ ቀጥ ብሏል። ክሩን እንደገና ለካሁ፣ ያው 328። ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ። ስለ ክር ጥራት አነበብኩ። ጣቴን ስለምጫን ነው አልኩ፤ መጫን ግን ድምፁን ያወጣዋል እንጂ አያወርደውም። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ሲፈጅ ባዶውን ሬ አንዴ እንኳ አልጎተትኩትም።

በመጨረሻ ጎተትኩት። ወርዷል። ክሩን ስጠመጥም የመጨረሻውን ዙር ከግድግዳው አላስጠጋሁትም ነበር።