«ኃይለኛ ውሻ አለ» ብዬ ጽፌ ነበር

በራችን ላይ በሽቦ የታሰረች ቆርቆሮ ነበረች። በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ትላለች። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ «ኃይለኛ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከሩቅ እንድትታይ ሁለተኛ ደርቤባታለሁ። ውሻዬ ሰው ከነከሰ በኋላ ለመጣው ሁሉ የማሳየው ያችን ቆርቆሮ ነበር። «ጽፌያለሁ እኮ!» እላለሁ። የተነከሰችው ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር።

የምንኖረው ኮተቤ ነው፣ ወደ ተራራው ጠጋ ብሎ። ሌሊት ጅብ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ተሰርቀናል፤ አንዴ የታጠበ ልብስ ከነገመዱ፣ አንዴ የውሃ ፓምፕ። ከፓምፑ በኋላ አንድ ወዳጄ ቡችላ ሰጠኝ። ክልስ ነው፤ እናቱ የሀበሻ፣ አባቱ «የፈረንጅ» የተባለለት። አባቴ አይቶት «ማን ይደፍረው» አለው፣ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። የድሮ ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤት የሚሰደድ ነገር አለበት። እኛ ለሌባ ነበር የሰደድነው።

ቡችላ እያለ መካሪው ብዙ ነበር። አንዱ ሚጥሚጣ አብላው ይላል፣ አንዱ ጆሮውን ካልቆረጥከው አይቆጣም ይላል፣ ሌላው ጨለማ ቤት ዘግተህ አሳድገው ይላል። ሦስቱንም እምቢ አልኩ፤ በዚህም ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጠርኩ። አራተኛውን ምክር ግን ምክር እንኳ ሳይመስለኝ ተቀበልኩት፤ ቀን ማሰር፣ ሌሊት መፍታት። ሰፈራችን ውስጥ ውሻ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ማንም አይናገረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ማን ይደፍረው» ቀኑን የሚያሳልፈው ከበሩ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሰንሰለት ነበር።

እሑድ ነበር። ጤፍ አስፈጭቼ በባጃጅ መጥቼ ጆንያውን እያስገባሁ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። የሰንሰለቱ መንጠቆ ከሁለት ሳምንት በፊት ተበልቶ አይቼዋለሁ። አዲስ መግዛት ሲገባኝ በልብስ ማስጫ ሽቦ ጠምጥሜ አልፌዋለሁ። ከታሪኩ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይቺ ሽቦ ናት። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ እንደ ወትሮው «ቡና ኑ ተብላችኋል» ልትል ገባች። ሽቦው ተበጠሰ። ሮጬ አንገቱን ስይዘው ባቷን ነክሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ትርምስ ነበር። አንዷ የውሻውን ፀጉር አቃጥላችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ ትላለች። አንዱ አረቄ ፍለጋ ሄደ። ከላይ ሰፈር የመጣ ጎረምሳ ፌሮ ይዞ «ይገደል! አሁኑኑ ይገደል!» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር፤ ጥፋቴ ከውሻው ጋር አብሮ የሚቀበር መስሎኝ። ያዳነችን ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ነርስ ናት። ልጅቷን አቅፋ ወደ ቧንቧው ሮጠች። ውሃ የለም። ከሮቶው በጆግ እያስቀዳችኝ ቁስሉን በልብስ ሳሙና አጠበች፤ ስልኳን አስቀምጣ 15 ደቂቃ ቆጠረች። አንድ ደቂቃ አልቀነሰችም። ልጅቷ ትጮኻለች፣ ሰው «በቃት!» ይላል፣ እሷ ታጥባለች። በመሃል ቀና ብላ «ጋሼ፣ ውሻውን እንዳያስገድሉት!» አለችኝ።

ምክንያቱን በኋላ በመንገድ ላይ ነገረችኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት መከላከል ይቻላል። የነከሰው ውሻ በሕይወት ቢቆይ 10 ቀን ይጠበቃል። በምራቁ በሽታውን ያስተላለፈ ውሻ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ጤነኛ ከሆነ በዚያ ንክሻ አላስተላለፈም ማለት ነው። ያ ጎረምሳ ቢገድለው ኖሮ ይህን ሁሉ ማወቂያ አብሮ ይገድለው ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፤ ባለቤቱ ይታወቃል? መጠበቅ ይቻላል? ክትባት አለው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደረቴን ነፍቼ መለስኩ። የክትባት ካርዱን ባለቤቴ ከመብራት ደረሰኞች መሃል ፈልጋ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በየዓመቱ መታደስ ሲገባው የመጨረሻው ማኅተም ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ ስልኩን መለሰልኝና ምንም አላለኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁስሉን አልሰፉትም። ሲደማ እያየሁ እንዴት ዝም ይባላል ብዬ ልጮኽ ነበር፤ የውሻ ንክሻ ቶሎ ሲሰፋ ጀርሙን ውስጥ መዝጋት ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ኋላ ነው። የቴታነስ መርፌ ተሰጣት፣ የእብድ ውሻ ክትባትም የውሻውን 10 ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ጀመሩላት። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒትም ታዘዘ፤ እሱን ፍለጋ እስከ ማታ ስንት ፋርማሲ እንደዞርኩ አላስታውስም። አያቷ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ከሁሉ በላይ የፈሩት መርፌውን ነበር። የእሳቸው ትውልድ የሚያውቀው የፓስተሩን መርፌ ነው፤ ከበግ አንጎል የሚሠራውን፣ 14 ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጋውን። የዛሬው ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ያንሳል፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው እያለ ይሄዳል። ይህን ነግረዋቸውም አላመኑም። በሦስቱም ቀን አብረው እየሄዱ ቆጥረዋል።

አሥሩ ቀን ረጅም ነው። ውሻውን ዕቃ ቤት ዘግተን ጠበቅነው። ጠዋትና ማታ እኔው ራሴ ምግብና ውሃ እያስገባሁ የማየው አለ፤ መብላቱ፣ መጠጣቱ፣ ድምፁ መለወጡ፣ ለሃጩ መዝረክረኩ፣ መንጋጋው መውደቁ፣ እንጨትና ድንጋይ መንከሱ፣ የኋላ እግሩ መልፈስፈሱ። በአምስተኛው ቀን ምግቡን ሳይነካ አደረና እኔም እንቅልፍ ሳይነካኝ አደርኩ። ሙቀት ነበር መሰል፣ በማግስቱ በላ።

በእነዚያ ቀናት ነው ውሻዬን ያየሁት። አንገቱ ላይ ማሰሪያው ፀጉሩን ልጦ ቆዳው ጠቁሯል። ይታሰርበት የነበረው ቦታ ሰንሰለቱ ልክ የተከበበ መሬት ነው፤ ሣር የለበትም፣ በኮምፓስ የተሰመረ ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሰማሁ። እያንዳንዱ በራችንን በዱላ ይመታል፣ ከሥር ጠጠር ይወረውራል፣ ይስቃል። ያ ጩኸት በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ ሥራ ላይ ስለምሆን አላውቀውም። ውሻው ታስሮ መሸሽ አይችል፣ መድረስ አይችል። በዚህ ላይ ትንሽ ልጅ በዚያው በር ስትገባ ለእሱ ማን እንደነበረች ይገባኛል። ልጆቹን አልተቆጣሁም፤ ከመካከላቸው የራሴም ልጅ ነበረበት።

በአሥረኛው ቀን የእንስሳት ሐኪም አይቶት ደህና ነው አለ፤ የልጅቷም ሐኪም ቀሪውን ክትባት አቆመላት።

አሁን የካሳው ነገር መጣ። የዕድራችን አባል የሆነ ጠበቃ አለ፤ ለሽምግልና ስለምነው ስለ ቆርቆሮዋ አነሳሁበት። ሳቀብኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 ነገረኝ፤ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ እንስሳው በድንገት አምልጦትም ቢሆን፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይታሰብም ቢሆን። «አንተ ደግሞ» አለኝ «እንደሚደርስ በቀይ ቀለም ጽፈህ ሰቅለሃል።»

ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ነገሩን ሰምቶ ደወለልኝና «እዚህማ በዘር ነው፣ እንዲህ ያለውን መያዝ አይፈቀድም» አለኝ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሕጋቸው ፒትቡልን የመሳሰሉትን ከልክሏል፣ በ2024 ደግሞ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወንጀል ሆኗል። ግን የእኔን ክልስ የትኛው ዝርዝር ይይዘዋል? ያው ሕግ ዘሩ ምንም ይሁን ምን ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ውሻ ባለቤትን እንደሚቀጣ ስነግረው እሱም አያውቅም ነበር።

በሽማግሌ ተቀመጥን። የሕክምናውን፣ የመጓጓዣውን፣ እናቷ ከሥራ የቀረችበትን ከፍዬ ነበር፤ ተጨማሪ ይዤ ቀረብኩ። እማማ ብሩን አላዩትም። «ልጄ፣ ገንዘብህን ያዝ። በርህን ዝጋ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ውሻውን ምን ላድርግ? መጀመሪያ ያሰብኩት አብዛኛው ሰው የሚያስበውን ነው፤ ወደ ገጠር መላክ። ከዚያ አንድ መጋዘን ያለው ሰው ሰምቶ መጣ። «ነክሷል አሉ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ይሻለኛል» ብሎ ካሰብኩት እጥፍ ብር ጠራ። የሕፃን ልጅ ደም ዋጋ ሲጨምር ሳይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ብሰጠው ኖሮ የሚነከሰው ሰው ይለወጥ ነበር እንጂ ነገሩ አያልቅም። ማስገደልንም ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተነጋግረንበታል፤ አሳፋሪ አማራጭ አይደለም፣ በደንብ መያዝ ለማይችል ሰው እንዲያውም ትክክለኛው ነው። እኔ እችላለሁ አልኩ። ይህን ማለት ቀላል ነበር።

በመጀመሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወፍራም ሽቦ ወጥሬ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተትበት አደረግኩ። ሞኝነት ነበር። ሽቦው ጫፉ በሩ አጠገብ ስለሆነ ውሻው በሩጫ በሩ ላይ ይደርሳል። ከሳምንት በኋላ አፈረስኩት። ሁለተኛው ሙከራ ሠራልኝ፤ ከጓሮ በኩል አራት በስድስት ሜትር ቦታ በሽቦ አጥር ከልዬ፣ ጥላ አድርጌ፣ ቀን እዚያ ያለ ሰንሰለት ይውላል። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሁለተኛ በር አሠራሁ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ለብየዳው ያወጣሁት ከተሰረቀው ፓምፕ ይበልጣል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የአፍ ማሰሪያ አድርጌለት ወደ ተራራው ይዤው እወጣለሁ። የመጀመሪያው ወር እሱ እኔን ነበር የሚያወጣኝ።

አኮላሸሁትም። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል፤ ይህ መዞሩንና ከውሻ ጋር መደባደቡን ይቀንሳል እንጂ ፈርቶ የሚነክስን ውሻ አያስተወውም። ቡችላ ሰውን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛ ወሩ ገደማ ነው አለኝ፤ በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ እንግዳ፣ ባለ ጃንጥላ፣ ባለ ዱላ ያላየ ውሻ ኋላ ሁሉም ጠላት ይመስለዋል። የእኔው ያን ጊዜ ያሳለፈው ካርቶን ውስጥ ነው። በየወንዙ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የሚጣሉትን ሴት ቡችሎች ሳይ የማኮላሸቱ ነገር ለሴቷም እንደሚሠራ እናገራለሁ፤ ሰፈርተኛው መስማት ይሰለቸዋል።

ተለወጠ ወይ ለሚለኝ፣ በከፊል ነው። ከእኔና ከነርሷ ሌላ ለሰው አላምነውም። በሚያዝያ ወር ክትባቱን ያድሳል፤ ካርዱ አሁን ከመታወቂያዬ ጋር ነው።

ቆርቆሮዋን አወረድኳት። በምትኩ ከውጭ በኩል፣ ልጅ በሚደርስበት ቁመት፣ ደወል ሰቅያለሁ። እሑድ እሑድ ቡና ሲደርስ ይመታል። የምትመታው ግን የተነከሰችው ልጅ አይደለችም፤ እሷ አሁንም በራችን ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ተሻግራ ነው የምታልፈው። የሚላከው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሁለቴ ይመታና ኋላ አፈግፍጎ፣ እኔ ሁለቱንም በር ዘግቼ እስክወጣ፣ መንገዱ መሃል ቆሞ ይጠብቀኛል።