የአንኮበርን ታሪክ ከኢንተርኔት ወደ ክፍል

የሰሜን ሸዋ ተማሪ ታሪክን ከደጁ ቢጀምር ደስ ይላል፤ ስለ አንኮበር በነፃ የሚገኝ ሀብት ሞልቷል። ኢንተርኔት አርካይቭ (የድሮ መጻሕፍት በነፃ የሚነበቡበት ድረ ገጽ) ላይ «ሸዋ»ን በዛሬው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ፤ የድሮ ተጓዦች «ኤስ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ» ብለው ስለሚጽፉ ዋና ዋናዎቹ ያመልጧችኋል። በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ የጻፋቸው ሦስት ቅጾች እዚያ አሉ። የባዕድ ዓይን መሆኑን ግን ተማሪው አስቀድሞ ይወቅ። አብሮት የነበረው የሰዓሊ በርናትዝ ሥዕል ለሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ይሆናል።

ዓመቱ የፈረንጆች ነው፦ ሃሪስ ከንጉሡ ጋር የተዋዋለው የኖቬምበር 1841ዱ ውል በእኛ ኅዳር 1834 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ቀንሱ።

ሥዕሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን። በፎቶ ከሄደ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፤ ሲታተም የልብሱ ጥለት ይደበዝዛል።