ጠዋት ጠዋት ጅማቴን እጠይቀዋለሁ

ሦስት ጊዜ ከሩጫ አረፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ህመሙ ተመልሶ መጣ።

የማወራው ከተረከዝ ከፍ ብሎ ስላለው ወፍራም ጅማት ነው፣ አኪሊስ ስለሚባለው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን አስር እርምጃዎች እያነከስኩ ነው የምሄደው። ከዛ ይለቀኛል። ሩጫ ስጀምር ቆንጠጥ ያደርገኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ስለጠፋ ደግሞ "በቃ ድኗል" ብዬ ሁለት ኪሎ ሜትር እጨምርበታለሁ። በማግስቱ የእጄን አገኛለሁ።

እና ሁሉም ሰው የሚመክረውን አደረግኩ፣ አረፍኩ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አቆምኩና ህመሙ ድራሹ ሲጠፋ ደስ ብሎኝ ልክ እንደ ድሮዬ 10 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፣ በነጋታው ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ቀጥሎ ሦስት ሳምንት። ቀጥሎ ድፍን አንድ ወር። በተመለስኩ ቁጥር ሳያመኝ የምሮጠው ርቀት እያጠረ መጣ። በመሃል ያየኝ አንድ ባለሙያ ጅማቱን ነካ ነካ አድርጎ "ሩጫ ይቅርብህ፣ ዋና ጀምር" ብሎ አሰናበተኝ። ዋና ምንም አልበደለኝም፣ ግን እኔ የሄድኩት ለመሮጥ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከዛ በኋላ ካገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት ነው። የት እንደሚያመኝ ብቻ ጠይቃ አልተወችኝም፣ ያለፉትን ሳምንታት እያንዳንዳቸውን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጥኩ አስቆጠረችኝ። 20፣ 22፣ 35፣ 0፣ 0፣ 30። ወረቀቱን ስናየው ሁለታችንም ሳቅን። "ጅማትህ አልተበጠሰም" አለችኝ፣ "የጫንክበት ከሚችለው በልጦበት ነው። ስታርፍ ህመሙ የሚጠፋው ጭነቱ ስለተነሳለት እንጂ ስለጠነከረ አይደለም። እንዲያውም ቁጭ ባልክ ቁጥር የሚችለው እየቀነሰ ይሄዳል።"

ሌላው ያላወቅኩት ነገር ደግሞ ትንፋሽ፣ ጡንቻና ጅማት እኩል እንደማይራመዱ ነው። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፣ ጡንቻም በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ሳንባህ "እንሂድ" ሲልህ ጅማትህ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ይሄ ባይገባኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በዛው አዙሪት ውስጥ ነበርኩ።

የሰጠችኝ ስፖርት ቀላል ነው፣ አሰልቺም ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረግ፣ ቀስ አድርጎ ማውረድ። አንዴ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ደግሞ ታጠፍ ብሎ፣ ምክንያቱም ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ከባት ስር ወዳለው ጡንቻ ይሄዳል። የዚህ ነገር ታሪክ ደስ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ታካሚዎቹ ተረከዝን ማውረዱን ብቻ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት ነበር የሚሠሩት። የሚያሽመደምድ ካልሆነ በቀር ቢያማቸውም እንዲቀጥሉ ተነግሯቸው ነበር። ሲቀላቸው ክብደት የያዘ የጀርባ ቦርሳ ይሸከማሉ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከባድ ክብደት ይዤ፣ ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ ሦስት ሰከንድ ወደ ታች ነው የሠራሁት። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፣ የምትገፉበትን ምረጡ። በቀን 180 ጊዜ ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ። ህመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚጣበቅበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ተረከዝን ከደረጃው በታች አታውርዱ፣ እዛ ቦታ ላይ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጨመቃል። መሬት ላይ ቆሞ መሥራት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ህመም ሲሰማኝ ማቆም አለብኝ ወይስ የለብኝም? ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረችኝ ለህመሙ ከ10 ነጥብ መስጠት ነው። እስከ 5 ድረስ እየሠራሁ እቀጥላለሁ፣ ግን ፍርዱ የሚሰጠው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ስወርድ ከትናንት ጠዋት ካልባሰ የሠራሁት ልክ ነበር። ከባሰ አበዛሁት ማለት ነው፣ በሚቀጥለው እቀንሳለሁ እንጂ ጠቅላላ አልተውም። ይሄን ሕግ በደንብ ያየው በስዊድን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ነው፤ በዚህ መንገድ እየለኩ ሩጫቸውን የቀጠሉት ሰዎች ለጊዜው ሩጫ ካቆሙት የባሰ ነገር አልደረሰባቸውም።

በረዶን በተመለከተ ብዙ አልልም። "እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ" የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶና ፍጹም እረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሏል። ወለምታ ሲሆን ለህመሙ ማስታገሻ ትንሽ ብታደርጉ ማንም አይከሳችሁም።

ይሄ ሁሉ ግን ቀስ እያለ ለመጣ ህመም ነው። እየሮጣችሁ ድንገት አንድ ሰው ከኋላ ባታችሁን በእርግጫ የመታችሁ ከመሰላችሁና ዞር ስትሉ ማንም ከሌለ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ቁርጭምጭሚታችሁ ተጠምዞ አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል ነገር የለም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮች በቅርቡ ወስዳችሁ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ጅማት የመጉዳት ጠባይ አላቸው፣ እኔ ይሄን ስሰማ ደንግጬ ነበር።

አሁን አስራ አራተኛው ሳምንት ላይ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ 6 ኪሎ ሜትር ሮጬ ረቡዕ ጠዋት ህመሙ 2 ነበር፣ ሐሙስ ስደግመው አርብ ወደ 4 ወጣ። ስለዚህ ቅዳሜ ጓደኞቼ ሲሮጡ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ዋልኩ።