ለ9 ቴራባይት የሠርግ ቪዲዮ የሚሆን ፋይል ሲስተም ፍለጋ

የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ መቅረጽ ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ባለፈው የካቲት አንዲት ደንበኛዬ አባቷ ማረፋቸውን ነግራኝ፣ በ2010 ዓ.ም. በሠርጓ ዕለት ሲመርቋት የቀረጽኩትን ጥሬ ቪዲዮ ጠየቀችኝ። ፋይሉ በቦታው ነበር፤ መጠኑም አልጎደለም፤ ሲከፈትም ያለ ችግር ተከፈተ። አባትየው እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ሲጀምሩ ግን ምስሉ በአረንጓዴና በግራጫ አራት ማዕዘኖች ተበታተነ፤ ድምፁም ተቆራረጠ። ወደ መጠባበቂያው ዲስክ ብሄድም ያንኑ ብልሽት አገኘሁ፤ ዲስክ በቀየርኩ ቁጥር ዋናውን ወደ መጠባበቂያው ስገለብጥ ብልሽቱንም አብሬ ስገለብጥ ኖሬአለሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት፣ ስመርጥ የምጠይቀው ስለ መጠን ብቻ ነበር። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አልቀበልም ስላለኝ ትቼው፣ አንድን ፋይል እስከ 16 ቴራባይት ወደሚይዘው ኢኤክስቲ4 ተሻገርኩ፤ ጉዳዩም ያለቀ መሰለኝ። ዛሬ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ዲስኩ ላይ ያስቀመጥኩት መረጃ ሳልነካው ቢለወጥ፣ የሚነግረኝ ማን ነው? ኢኤክስቲ4 ጆርናል (ለውጦችን ከመፈጸሙ በፊት የሚመዘግብበት ማስታወሻ) ስላለው መብራት ድንገት ሲጠፋ የራሱን መዋቅር ይጠብቃል፤ ቼክሰም፣ ማለትም ከመረጃው ተሰልቶ መለወጡን የሚያሳውቅ የማረጋገጫ ቁጥር፣ የሚይዘው ግን ስለ ፋይሎቹ ላለው መዝገብ እንጂ ለፋይሎቹ ይዘት አይደለም።

መጋቢትንና ሚያዝያን ኤክስኤፍኤስ በተባለ ሌላ ፋይል ሲስተም ላይ አሳለፍኩ። ሲሊከን ግራፊክስ የተባለው ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ሊሠራው የጀመረው ለግዙፍ ፋይሎችና ለትይዩ ጽሕፈት ብሎ ስለሆነ፣ ከሁለት ካሜራ ካርዶች በአንድ ጊዜ ስገለብጥ አንድም ጊዜ አላንገራገረም። አንዴ የሰጡትን ቦታ መልሶ ማሳነስ አለመቻሉ እኔን አላሳሰበኝም። ሆኖም በይዘት ጥበቃ ረገድ ከኢኤክስቲ4 አይለይም፤ ስለዚህ ፍጥነት ለሚሻ ሰው ያለ ማመንታት የምመክረውን ነገር እኔ ራሴ ተውኩት። ቢቲአርኤፍኤስ የይዘት ቼክሰም አለው፤ በሁለት ዲስክ መንትያ ቅጂ ለሚሠራም ጥሩ ነው። እኔ ግን ሁለት ዲስክ አብሮ ቢሞት እንኳ ሥራዬ እንዲተርፍ ስለፈለግኩ፣ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሬይድ6 (መረጃን በብዙ ዲስኮች ከፋፍሎ የሁለት ዲስክ ብልሽት የሚቋቋም አደረጃጀት) ለቁም ነገር እንዳትጠቀሙበት ራሳቸው አዘጋጆቹ ስለሚያስጠነቅቁ አለፍኩት።

የቀረው ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2001 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ዜድኤፍኤስ ነበር። የእያንዳንዱን ብሎክ (ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ቁራጭ) ቼክሰም የሚያስቀምጠው ብሎኩ ውስጥ ሳይሆን ወደ ብሎኩ በሚጠቁመው በላይኛው ብሎክ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዲስኩ የተሳሳተ ነገር አንብቦ ቢሰጥ ወዲያው ይጋለጣል፤ ትክክለኛውም ከሌሎቹ ዲስኮች ተሰልቶ ይተካል። በአንድ ዲስክ ብቻ የሚጠቀም ሰው ግን ማወቅ እንጂ መጠገን እንደማይችል ይረዳልኝ። ደግሞም በነባሩ መረጃ ላይ ደርቦ ስለማይጽፍ፣ መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ጽሕፈት ሊጠፋ ቢችልም የቀደመው እንዳለ ይቆያል።

አራት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮችን ሁለት ዲስክ ቢሞት በሚቋቋመው የዜድኤፍኤስ አደረጃጀት፣ በሬይድዜድ2፣ አደራጀሁ። ከ32ቱ 16ቱ ለመጠባበቂያ ስሌት ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ በ1024 ሲቆጥረው ደግሞ የቀረው 14.5 ገደማ ይሆናል። ፋይሎቼ ትልልቅ ስለሆኑ የብሎኩን መጠን ከ128 ኪሎባይት ወደ 1 ሜጋባይት አሳደግኩ። በግዢው ላይ ግን ተሳስቼ ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ ትራኮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ በጫፍ ተደራርበው የሚጻፉ ዓይነት ስለነበሩ፣ ለሙከራ አንዱን ነቅዬ ሳስተካ ሥራው ቀናት ፈጀ። ጨምሬ በሌላ ለወጥኳቸው፤ እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የዲስኩን ሙሉ የሞዴል ቁጥር አጣሩ።

ዜድኤፍኤስ የሚያውቀው ከገባ በኋላ የሚደርሰውን ብልሽት ብቻ ነው፤ ተበላሽቶ የገባውን ተበላሽቶ እንደገባ በታማኝነት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከማዛወሬ በፊት 9 ቴራባይቱን በሙሉ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ የቪዲዮ ማንበቢያና መቀየሪያ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር አስነበብኩት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሰባት ፋይሎች ተበላሽተው ተገኙ፤ የሁለቱን ጤነኛ ቅጂ ከአሮጌ ዲስኮች አገኘሁ። የምርቃቱ ቪዲዮ ከሁለቱ ውስጥ አልነበረም።

ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስክራብ የሚባለውን ጠቅላላ ፍተሻ አስነሳለሁ። በመስከረሙ ፍተሻ፣ በሦስተኛው ዲስክ ትይዩ በቼክሰም ዓምድ ሥር 2 የሚል ቁጥር፣ ከላይ ደግሞ 1 ሜጋባይት መጠገኑን የሚገልጽ መስመር አየሁ። የተጎዳ ፋይል ግን አንድም አልነበረም። የዲስኩን ገመድ ቀየርኩ፤ በጥቅምትና በኅዳር ዓምዱ ዜሮ ነው። በኢኤክስቲ4 ቢሆን ኖሮ ይህ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀመጥ ነበር።

አራቱም ዲስኮች ያሉት በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ለእሳትና ለሌባ መፍትሔ አልሆኑኝም። አሁን በስናፕሾት (ዜድኤፍኤስ የፋይሎቹን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ በሚይዝበት መንገድ) የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በአንድ ባለ 12 ቴራባይት ዲስክ ላይ እዚሁ እያዘጋጀሁ ነው። ሲያልቅ አዳማ ወንድሜ ዘንድ አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በኢንተርኔት የምልከው አዲስ የተጨመረውን ብቻ ይሆናል።